ሠሪው ሲሞት ቁልፉ የማን ነው?

አንድን ሶፍትዌር የሠራው ሰው ቢሞት፣ እኛ በዚያ ሶፍትዌር ያስቀመጥነው የዓመታት ሥራ ምን ይሆናል? ጥያቄው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የንብረት ጉዳይ ነው። መልሱን ፍለጋ ብዙዎቻችን ወደማናውቀው ሙያ፣ የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒውተር ወደማየት ሥራ ልውሰዳችሁ።

ጆን ኬንድሩ እ.ኤ.አ. በ1958 የማዮግሎቢንን ቅርጽ ለዓለም ሲያሳይ ሞዴሉ የተሠራው በፕላስቲሲን ነበር፤ ልጆች በሚጫወቱበት ጭቃ መሰል ነገር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሳይረስ ሌቪንታል ኤምአይቲ ውስጥ የፕሮቲንን ምስል በስክሪን ላይ ማሽከርከር ቻለ። በ1971 የፕሮቲን ዳታ ባንክ በ7 ቅርጾች ሥራ ጀመረ። የእያንዳንዱ አቶም መገኛ በተራ ጽሑፍ ሰፈረ፤ የአንዱ መስመር ርዝመት እንኳ በዘመኑ በነበረው ባለ 80 ዓምድ የወረቀት ካርድ ልክ ነበር። ካርዱ ቀረ፣ ጽሑፉ ግን ዛሬም ይነበባል።

የአቶሞቹ መገኛ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ተመራማሪው ቅርጹን ያዞራል፣ ቀለም ይቀባል፣ መድኃኒቱ የሚጣበቅበትን ቦታ ለይቶ ስም ያወጣለታል፣ ርቀት ይለካል። ይህ የሳምንታት ልፋት የሚቀመጠው «ሴሽን» በሚባለው የፕሮግራሙ የራሱ ፋይል ውስጥ ነው። አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ፋይሉን የሚያነበው ያ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ፣ ልፋታችሁ በሌላ ሰው እጅ ያለ መያዣ ሆነ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ዋረን ዲላኖ የተባለ አሜሪካዊ ፓይሞልን አወጣ። ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገው። በስሙ መጀመሪያ ያለው «ፓይ» ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የመጣ ነው፤ ተጠቃሚው በዚያው ቋንቋ ስክሪፕት ጽፎ ወደ ፕሮግራሙ ሆድ ዕቃ መግባት ይችላል። «ጌት ሴሽን» የምትባል አንዲት ትእዛዝ የቅርጾቹን ስም፣ ቀለሙን፣ ማስተካከያዎቹን፣ የእይታውን አቅጣጫ ሁሉ በአንድ መዝገብ አድርጋ ታስረክባለች። የሚቀመጠው ፋይልም ያው መዝገብ ስለሆነ፣ ፓይሞልን ጨርሶ ሳይከፍቱ በጥቂት መስመር ፓይተን ማንበብ ይቻላል። መቶ አሮጌ ሴሽን ያለው ሰው አንድ በአንድ እየከፈተ አይደክምም፤ ስክሪፕቱ ይለቅምለታል።

ሳጥኑ ተከፈተ ማለት ግን ዕቃው ሁሉ ስም ተለጥፎበታል ማለት አይደለም። ወደ ውስጥ ሲገባ ብዙው ነገር ስም አልባ የቁጥር ዝርዝር ነው፤ የትኛው ቁጥር ምን እንደሆነ የሚታወቀው ኮዱን በማንበብ ነው። ስለዚህ ክፍት ፋይል ያለ ክፍት ኮድ ግማሽ ነጻነት ነው።

ዲላኖም እንጀራ መብላት ነበረበት። በ2006 ተዘጋጅቶ የሚጫነውን ፕሮግራም ለከፋይ ደንበኞች አደረገ፤ አብዛኛውን ኮድ ግን ክፍት አድርጎ ተወው። ኅዳር 3 ቀን 2009 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በ37 ዓመቱ በድንገት አረፈ። በጥር 2010 ሽሮዲንገር የተባለው ኩባንያ ፓይሞልን ገዛ። የሚሸጠው ስሪትና ክፍቱ ኮድ እስከ ዛሬ ጎን ለጎን አሉ። ሠሪው ሞተ፣ ባለቤቱ ተቀየረ፤ የተመራማሪዎቹ ፋይል ግን ቁልፍ ፍለጋ አልተንከራተተም።

ክፍት በር ሌባም ያስገባል የሚል ካለ እውነቱን ነው። ሴሽኑ የታሸገበት «ፒክል» የተባለ የፓይተን ዘዴ፣ ፋይሉ ሲከፈት የተደበቀ ትእዛዝ ሊያስፈጽም ይችላል። ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፒክል እንዳይከፈት የፓይተን መመሪያ ራሱ ያስጠነቅቃል። ይህ ግን የመጣውን እንግዳ ለይቶ ለማስገባት ምክንያት ነው እንጂ ባለቤቱን ውጭ ቆልፎ ለማስቀረት አይደለም።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። «ዳታው የእናንተ ነው» የሚል ውል ብቻውን ወረቀት ነው። መሥሪያ ቤትም ሆነ ግለሰብ ሶፍትዌር ሲገዛ ከዋጋው በፊት ይህን ይጠይቅ፦ እናንተ ነገ ባትኖሩ፣ ሥራዬን በራሴ እጅ አውጥቼ ማንበብ እችላለሁ? ሻጩ መልስ ለመስጠት ካንገራገረ፣ መልሱን ሰጥቷል።