የእንቁላሉ ጫፍና የባይት ቅደም ተከተል፦ ስለ አንድ ስያሜ ታሪክ

ከ255 የሚበልጥ ቁጥር በአንድ ባይት አይያዝም፤ ሁለት፣ አራት ወይም ስምንት ባይቶች ተጋርተው ይይዙታል። ከእነዚህ ባይቶች በማኅደረ ትውስታ ውስጥ የትኛው ይቅደም የሚለውን የወሰኑት መሣሪያ ሠሪዎች ሲሆኑ፣ ውሳኔያቸው አንድ አልነበረም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ ባደረገው ሲስተም 360 ታላቁን ባይት አስቀደመ። በ1970 የወጣው ፒዲፒ 11 ታናሹን አስቀደመ፤ ኢንቴልም በዚሁ መንገድ ሄደ። ሞቶሮላ በ68000 ታላቁን መረጠ።

ለሁለቱ ወገኖች ስም ያወጣላቸው ዳኒ ኮኸን ነው። መጋቢት 23 ቀን 1972 ዓ.ም. ባሠራጨው ጽሑፍ፣ ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1726 ባሳተመው የጋሊቨር ጉዞ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል በወፍራሙ ጫፍ ይሰበር ወይስ በቀጭኑ እያሉ የሚዋጉትን ሰዎች አነሣ። ቀኑ በአውሮፓውያን ዘንድ የቀልድ ቀን ነው፤ ስያሜው ግን ጸና።

ተርጓሚው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ጫፍንም መጨረሻንም ያመለክታል። የእንቁላሉ ጫፍ መብላት የሚጀመርበት ቦታ ነው። ቃሉን «ትልቅ መጨረሻ» ብለን ብንመልሰው፣ አንባቢው ታላቁ ባይት በመጨረሻ ይመጣል ብሎ ይረዳል፤ ይኸውም የእውነቱ ተቃራኒ ነው። ተራ ፕሮግራም ጸሐፊ ይህን ስሕተት ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። የመሣሪያ ነጂ፣ ማለትም ድራይቨር፣ የሚጽፍ ሰው ግን አያመልጠውም፤ የሚያነበው ሬጂስተር ፕሮሰሰሩን ባልሠራ ሌላ ድርጅት የተሠራና የራሱን ቅደም ተከተል የሚከተል ሊሆን ይችላልና።

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ ጉማራን በድልድይ ይሻገራል። በድልድዩ ሥር የውሃ ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ተተክሎ 300 ሴንቲ ሜትር አነበበ እንበል። ባይቶቹ 1 እና 44 ናቸው (256 ሲደመር 44)። ነጂው በተቃራኒው ካነበባቸው 11265 ይሆናል፤ 112 ሜትር የሚያልፍ ውሃ ማንንም አያሳስትም። ውሃው 512 ሲደርስ ግን ባይቶቹ 2 እና 0 ናቸውና ነጂው 2 ሴንቲ ሜትር ይላል፤ ወንዙ የደረቀ ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጎርፍ ለተጥለቀለቀው የፎገራ ሜዳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 257 ደግሞ ባይቶቹ 1 እና 1 ስለሆኑ በየትኛውም ወገን አንድ ነው፤ በእርሱ የሚፈትን ሰው ሁሉ ደኅና መስሎት ይሄዳል።

ጽሑፍም ከዚህ ነጻ አይደለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ለእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር ተሰጠው። «ወረታ» በሁለት በሁለት ባይት ሲጻፍ 18-200፣ 18-40፣ 18-115 ነው። ጥንዶቹ ቢለዋወጡ የመጀመሪያው የኮሪያ ሆሄ፣ ሁለተኛው የብሬይል ነጥብ፣ ሦስተኛው የቻይና ምልክት ይሆናል።

ለስያሜው ከስዊፍት እንቁላል ይልቅ የራሳችንን ልማድ መመልከት ይሻላል እንላለን። «ሃያ አምስት» ስንል ታላቁን እናስቀድማለን፤ ዐረብኛ አምስቱን ያስቀድማል። አድራሻ ስንሞላ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር እያልን እንወርዳለን። በቀን አጻጻፍ ግን ወሩን፣ ቀኑን፣ ከዚያ ዓመቱን እናስከትላለን፤ መካከለኛው፣ ታናሹ፣ ታላቁ መሆኑ ነው። ይህ ድብልቅ ሥርዓት በእኛ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ፒዲፒ 11ም አራት ባይት ያለውን ቁጥር ከሁለት ከፍሎ ታላቁን ግማሽ ሲያስቀድም፣ በየግማሹ ውስጥ ግን ታናሹን ባይት ያስቀድም ነበር።

ስለዚህ «ዐቢይ ቀዳሚ»፣ «ንኡስ ቀዳሚ» እና «ድብልቅ ተከተል» የሚሉትን እናቀርባለን። ቀዳሚ የሚለው ቃል ከየት እንደሚጀመር ስለሚናገር ለሁለት ትርጉም በር አይከፍትም። ነጂው ባይቶቹን የሚያስተካክልበትን ተግባር «መገልበጥ» ማለት ግን አይገባም፤ ገለበጠ አዙሮ አስቀመጠ ማለት እንደሆነ ሁሉ ቀዳ ማለትም ነውና፣ ማኅደረ ትውስታን ከቦታ ወደ ቦታ በሚቀዳ ፕሮግራም ውስጥ ሁለቱ ይምታታሉ። «ባይት ማለዋወጥ» ይበቃል።