በሕፃናት አዲስ ጥርስ ላይ የሚታይ የቀለም ለውጥ

የሕፃን የመጀመሪያ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ በስድስተኛው ወር ገደማ ከታችኛው ድድ ብቅ ይላል። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች የሚሟሉት ልጁ 3 ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ነው። መጠንከር የሚጀምሩት ግን በእናት ማሕፀን፣ ከእርግዝናው አራተኛ ወር አካባቢ ጀምሮ በመሆኑ የቀለም ለውጡ መንስኤ አንዳንዴ ከልደት በፊት ይገኛል።

የብረት ማዕድን ሽሮፕ የሚወስድ ሕፃን ጥርሱ ሊጠቁር ይችላል፤ ይህ ከላይ የተለጠፈ በመሆኑ በባለሙያ ይጸዳል። ወድቆ የተመታ ጥርስ ከጊዜ በኋላ ይገረጣል፣ ወደ ግራጫም ይለወጣል። ቴትራሳይክሊንን ነፍሰ ጡር እናት ወይም ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቢወስድ መድኃኒቱ ከጥርሱ ጋር ተዋሕዶ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ይተዋል፤ በመቦረሽም አይለቅም። ለጨቅላ ሕፃናት ዐይን የሚቀባው የቴትራሳይክሊን ቅባት ግን በዚህ አይወቀስምና እናቶች ሊሸሹት አይገባም።

ይበልጥ የሚያሳስበው በላይኞቹ የፊት ጥርሶች ላይ፣ ከድዱ አጠገብ የሚታየው ኖራ መሳይ ነጭ መስመር ነው። ይህ የመበስበስ መጀመሪያ ነው። ስኳር የገባበት ወተት ወይም ሻይ በጡጦ እየተሰጠው የሚተኛ ሕፃን ለዚህ ይጋለጣል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ጣፋጩ ሌሊቱን ጥርሱ ላይ ያድራል። መስመሩ ነጭ ሳለ ልማዱ ቢቆምና ጥርሱ በየዕለቱ ቢጸዳ ጉዳቱ ሊመለስ ይችላል። ቡናማ ሆኖ ከተቦረቦረ ግን ሕክምና ይሻል።

ሌላው መንስኤ የመጠጥ ውኃ ነው። ወንጂን፣ መተሐራንና ዝዋይን ጨምሮ በስምጥ ሸለቆ በርካታ ጉድጓዶች የሚገኘው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ይበልጣል። ጥርስን በነጭና በቡናማ ነቁጥ የሚያዥጎረጉረውም ይኸው ነው። ምልክቱ በወተት ጥርስ ላይ ቢታይም ጎልቶ የሚወጣው ከ6 ዓመት በኋላ በሚበቅሉት ቋሚ ጥርሶች ላይ ነው። ፍሎራይድ በመልክም በጣዕምም አይለይም፤ ማፍላትም ይዘቱን ያበረታዋል እንጂ አያስወግደውም። የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ጋር የሚዋሰን በመሆኑ አዲስ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሁሉ ውኃውን በላቦራቶሪ ቢያስመረምር ይበጀዋል።

ጥርስ ሊያወጣ የተቃረበ ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው በድዱ ላይ የሚታየውን ነጭ እብጠት «ግግ» ብሎ በስለት ማስወጣት በብዙ አካባቢዎች የቆየ ልማድ ነው። እብጠቱ ያልወጣው የውሻ ክራንቻ ጥርስ ራሱ ነው፤ ተቅማጡን አያመጣም። በስለቱ ምክንያት ሕፃኑ ደም ሊፈስሰው፣ በቴታነስ ሊያዝም ይችላል፤ ከሥር ያለው የቋሚው ጥርስ እምብርት ከተነካ ደግሞ ከዓመታት በኋላ የሚበቅለው ጥርስ ተጣሞ ወይም ቀለሙ ተበላሽቶ ይወጣል፣ ጭራሹንም ላይወጣ ይችላል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ በጤና ኬላም ይገኛል።