ዒዳ የሌለው ሐዘን



እናት ስትሞት ቤቱ በሰው ይሞላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማ ደጃፍ ላይ ጫማ ይደረደራል። ከአሌክሳንድሪያ ሴቶች ድስት ይዘው ይመጣሉ። ቁርኣን ይቀራል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ሰደቃ ይወጣል። ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አንድ ሳምንት። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል፤ አንቺም ወደ ልጆችሽ ትመለሻለሽ። አባትሽ ብቻቸውን ይቀራሉ። ስትደውዪላቸው "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ይሉሻል፤ አንቺም አምነሽ ስልኩን ትዘጊያለሽ።

ዛሬ ስለዚያ "ደህና ነኝ" ላጫውትሽ። ታሪኩ ከመካ ይነሣል፣ በእንግሊዝ ያልፋል፣ እዚሁ ሜሪላንድ ይደርሳል። የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ሐዘኑ አካሉን ሊጎዳው ይችላል፣ ጉዳቱን ግን ራሱ ብዙ ጊዜ አይናገረውም። ሌላ ሰው ሊያይለት ይገባል።

ከመካ እንጀምር። ከሒጅራ ሦስት ዓመት ገደማ በፊት፣ በ619 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ሞተች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከእርሷ ጋር 25 ዓመት ያህል ኖረዋል። በዚያው ዓመት አጎታቸው አቡ ጧሊብም ሞተ። የታሪክ ጸሐፊዎች ያንን ጊዜ የሐዘን ዓመት ብለው ይጠሩታል። ስሙን ልብ በዪው፤ ከሰው ሁሉ በላጩ ሰው አዝነዋል፣ ሐዘናቸውም አልተደበቀም።

ያንን ሐዘን ያየችና የተናገረች አንዲት ሴት ነበረች፣ ኸውላ ቢንት ሐኪም (ረ.ዐ)። ወደ እርሳቸው ሄዳ የኸዲጃ ማጣት እንደከበዳቸው ማስተዋሏን እንደነገረቻቸው ይተረካል። እርሳቸውም ኸዲጃ የልጆቻቸው እናትና የቤታቸው አስተዳዳሪ እንደነበረች መለሱላት። ከዚያ በኋላ ነው ሰውዳ ቢንት ዘምዓን (ረ.ዐ) እንዲያገቡ ሐሳብ ያቀረበችው። ሰውዳም ከባሏ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰዳ የተመለሰች፣ እርሷም ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ኸውላ "ይበርቱ" ብላ ብቻ አልሄደችም። አየች፣ ጠየቀች፣ መንገድ ፈለገች።

አሁን ስለ ዒዳ አስቢ። አላህ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን እንድትጠብቅ ደንግጓል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ነው። በእኛ ዘንድ ዒዳ ላይ ያለች ሴት ትጠየቃለች፤ ጎረቤት ይገባል ይወጣል፣ ቀኑ ይቆጠርላታል። ወንድ ግን ዒዳ የለበትም። ድንጋጌው የአላህ ነው፣ ጥበቡንም እርሱ ያውቃል። ስሕተቱ የእኛ ነው። ዒዳ የለበትም ማለትን ሐዘን የለበትም ማለት አድርገን ወስደነዋል።

ሐኪሞችም ይህን ቁጥር ይዘው ያዩት ዘግይተው ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ሚስቶቻቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 4,486 የእንግሊዝና የዌልስ ወንዶች ጤና ለዓመታት ተከታተሉ። የመጀመሪያው ውጤት በ1963፣ የዘጠኝ ዓመቱ ደግሞ በ1969 ታተመ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ 213ቱ ሞተዋል። ይህም በዚያ ዕድሜ ካሉ ባለትዳር ወንዶች ከሚጠበቀው በ40 በመቶ ይበልጣል። ከጭማሪው ሦስት አራተኛ ያህሉ የልብ በሽታ ነበር። የ1969ኙ ጽሑፍ ርእስ "የተሰበረ ልብ" የሚል ነው። እናቶቻችን "ልቤ ተሰበረ" ሲሉ ተረት አልነበረም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥናት የተሠራው በራሳችን ግዛት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በ270 አውራ ጎዳና ተነሥተሽ ፍሬድሪክን ስታልፊ ሄገርስታውን ትደርሻለሽ፤ መንገዱ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ከተማው ያለበት አውራጃ ዋሺንግተን ካውንቲ ይባላል፤ ስሙ አያሳስትሽ፣ ከዋና ከተማው ጋር አንድ አይደለም። እዚያ በ1963 የነዋሪዎች ቆጠራ ተደርጎ ነበር። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚያ መዝገብ ተነሥተው እስከ 1974 ድረስ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸውን 4,032 ሰዎች ተከታተሉ፤ ውጤቱን በ1981 አሳተሙ። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች የሞት መጠን ከባለትዳር ሴቶች ብዙም አልተለየም። ሚስቶቻቸው የሞቱባቸው ወንዶች ግን ከባለትዳር ወንዶች በግልጽ በልጠው ሞተዋል። ከእንግሊዙ የሚለየው ደግሞ፣ አደጋው በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ የታጠረ አልነበረም። ብቻቸውን የሚኖሩትም የበለጠ ተጎድተዋል።

የተጠኑት ነጭ አሜሪካውያን ስለነበሩ ቁጥሩን እንዳለ በእኛ አባቶች ላይ አንለጥፈውም። ሴት ሐዘኗ ይቀላል ማለትም አይደለም። ግን ምክንያቱን ስታስቢው ከቤትሽ ታውቂዋለሽ።

ሐዘን ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ይህ ለሁሉም ነው። በአባቶቻችን ላይ ሌላ ይጨመርበታል። የስኳሩን ኪኒን ከግፊቱ ለይታ የምትሰጠው እናትሽ ነበረች። ጨው የምትቀንሰው፣ የሐኪም ቀጠሮ የምታስታውሰው፣ "ፊትህ ጠቁሯል፣ ሂድ ታከም" የምትለው እርሷ ነበረች። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ የሚሰሙትም በእርሷ ነበር። እርሷ ስትሞት ሚስት ብቻ አልሞተችም፤ ነርሳቸውም፣ ወሬ ነጋሪያቸውም፣ ከዘመድ የምታገናኛቸው ድልድይም ሄደች።

አገር ቤት ቢሆን ክፍተቱን የሚደፍን ሰው አይጠፋም። እድር አለ፣ ጎረቤት ለቡና ይጠራል፣ መስጂድ በእግር ይደረሳል። ለሱብሒ ያልመጣ ሽማግሌ ይጠየቃል። እዚህ ግን መኪና የማይነዱ አባት ክረምት ሲገባ ከአፓርታማ አይወጡም። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው፣ በመጀመሪያው ሒጅራ ስም የተጠራው የሐበሾች መስጂድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም፤ የሚያደርስ ከሌለ ግን ቅርብም አይደለም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። በሄገርስታውኑ ጥናት እንደገና ያገቡት ወንዶች የሞት መጠን ካላገቡት እጅግ ያነሰ ነበር። ይህ ትዳር መድኃኒት መሆኑን አያረጋግጥም፤ መጀመሪያውንም ጤነኛ የሆኑት ይሆናሉ ያገቡት። ነገር ግን አባታችን ማግባት እንደሚፈልጉ ፍንጭ ሲሰጡ ስንቶቻችን ተቆጥተናል? "እማዬ አፈሯ ሳይደርቅ" ብለን አፋቸውን ዘግተናል። ቁጣው ከናፍቆት ይመጣል፣ ይገባኛል። ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ካገቡ በኋላም ኸዲጃን አልረሱም፤ በግ ሲያርዱ ለጓደኞቿ ሥጋ ይልኩ ነበር። አዲስ ትዳር የቀድሞዋን አያጠፋም። የማይፈልጉትን አባትም "አግቡ" ብሎ ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም፤ ሚስትም አስታማሚ እንድትሆን ብቻ የምትፈለግ ሰው አይደለችም። ከእኛ የሚጠበቀው እንደ ኸውላ በአክብሮት መጠየቅ ነው።

እንግዲህ እህቴ፣ ለአባትሽ፣ ለአማችሽ፣ ወይም ለጎረቤትሽ ዒዳውን አንቺ ቁጠሪላቸው። በአራተኛው ወር ላይ ሄደሽ እያቸው፤ በዓመቱም አትተዪ። ማቀዝቀዣውን ክፈቺ፣ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ተመልከቺ፣ ቀበቷቸው ስንት ቀዳዳ እንደገባ እዪ። ወደ ሐኪም አብረሽ ግቢና "እናታችን ሞታለች" ብለሽ ንገሪ፤ እርሳቸው አይናገሩትም። ለጁሙዓ የሚወስዳቸው ሰው መድቢ። የልጅ ልጆቻቸውን ቁርኣን እንዲያስቀሩ ለምኚያቸው፤ የሚጠበቅ ሰው ከአልጋው ይነሣል። ሽሮ መሥራት አስተምሪያቸው፣ ሳቁም አብራችሁ። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ሳትዘገዪ 911 ደውዪ። መኖር እንደሰለቻቸው ከተናገሩ ደግሞ ቀላል ነገር አድርገሽ አትለፊው፤ 988 ላይ ሌሊትም ቀንም የሚያነጋግር ሰው አለ።

ዛሬ ማታ ስትደውዪ "ደህና ነዎት?" አትበዪ። "ዛሬ ምን በሉ? ከማን ጋር በሉ?" በዪ። መልሱን እስኪጨርሱ ጠብቂ።

አላህ ለሞቱት እናቶቻችን ይማርልን፣ ለቀሩት አባቶቻችን ሰብርና ዓፊያ ይስጥልን። አሚን።