ወንዝና ላይከን፦ በአለት ላይ የተጻፈ የውሃ ልክ

መሐንዲስ በወንዝ ላይ ድልድይ ለመሥራት ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ ነው። የብዙ ዓመት የልኬት መዝገብ ካለ መልሱ ከዚያ ይገኛል። መዝገብ በሌለበት ወንዝ ግን በዳርቻው አለት ላይ እንደ ሽበት ተለጥፎ የሚታየው ላይከን ሊመሰክር ይችላል። ይህ ምስክርነት እንዲታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ምርምር አስፈልጓል።

እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ላይከን ራሱን የቻለ አንድ ተክል እንደ ሆነ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 ስዊሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሲሞን ሽቬንደነር፣ ላይከን የፈንገስና የአልጌ ጥምረት መሆኑን ለአገሩ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ጉባዔ ገለጠ። ሐሳቡ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ በፓሪስ ይኖር የነበረው ፊንላንዳዊ ዊልያም ኒላንደር ሲሆን፣ የሚያስገርመው እርሱ ራሱ በ1866 ላይከን የከተማን አየር ንጽሕና እንደሚያመለክት የጻፈ ሰው መሆኑ ነው። በ1877 ግን ኧርንስት ሽታል ፈንገስንና አልጌን እንደገና አዋሕዶ ላይከን ለማብቀል በመቻሉ የሽቬንደነር ሐሳብ ጠነከረ።

ከዚህ ግኝት የወንዝ ላይከን አኗኗር ግልጽ ይሆናል። ፈንገሱ አለቱን አጥብቆ ይይዛል፤ አልጌው በብርሃን ኃይል ምግብ ያዘጋጃል። ስለዚህ ጎርፍ በሚያንከባልለው ድንጋይ ወይም ደለል በሸፈነው አለት ላይ አይሰነብትም። ዕድገቱም እጅግ አዝጋሚ ነው። የቬሩካሪያ ወገን የሆኑ አንዳንድ ዝርያዎች ዘወትር በውሃ ውስጥ ይኖራሉ፤ ደርማቶካርፖን ሉሪደም የተባለው ውሃ አልፎ አልፎ በሚያጥበው አለት ላይ ይበቅላል፤ ለረጅም ጊዜ መጥለቅን የማይችሉት የየብስ ላይከኖች ደግሞ ከዚያ በላይ ይቀመጣሉ።

በ1950 ኦስትሪያዊው ሮላንድ ቤሼል የላይከንን ስፋት በመለካት የበረዶ ግግር ትቶት የሄደውን የድንጋይ ክምር ዕድሜ መገመት እንደሚቻል አሳየ። በ1976 ደግሞ እንግሊዛዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ኬኔት ግሪጎሪ በአለት ዳርቻ ላይ ያለውን የላይከን የታች ወሰን የወንዝን ቦይ የመያዝ አቅም ለመወሰን ተጠቀመበት።

ይሁን እንጂ ይህ ወሰን ውሃ የሚደጋግመውን ከፍታ እንጂ ከሁሉ የበለጠውን ጎርፍ አያመለክትም። ዝርያዎቹን ሳይለይ የውሃውን ላይከን እንደ የብሱ የሚቆጥር ሰው ወሰኑን ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ድልድዩም ከሚገባው በታች ይሠራል። ከግድብ በታች ያለ መስመርም የቀድሞውን ወንዝ እንጂ የዛሬውን ላይናገር ይችላል። እንግዲህ ላይከን የመለኪያ ጣቢያን አይተካም፤ ጣቢያ በሌለበት ግን ጠባዩን ለሚያውቅ መሐንዲስ ስሌቱን የሚያመሳክርበት ምስክር ነው። ምስክሩን ሳይመረምሩ መቀበል የሚያስከትለው ስሕተት ግን የሚታወቀው ጎርፍ በመጣ ዕለት ነው።