ብርሃን በምን ይሰፈራል?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። አገሩ እንግሊዝ፣ ከተማው ለንደን፣ ዘመኑም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1860 ነው። ከድንጋይ ከሰል የወጣ ጋዝ በቧንቧ እየሄደ መንገዱንም ቤቱንም ያበራል። ኩባንያ ይሸጣል፣ ሕዝብ ይገዛል። ታዲያ መብራቱ የደበዘዘ ቀን ገዢው በምን ያስረዳ? እህል በቁና ይሰፈራል፤ ብርሃንስ?

ፓርላማው በሕግ መስፈሪያ አቆመ፤ መስፈሪያውም ሻማ ሆነ። ያገኙት ሻማ ሁሉ ግን አይደለም። ከዓሣ ነባሪ ራስ በሚወጣ ሰም የተሠራ፣ ስድስቱ አንድ ፓውንድ የሚመዝን፣ በሰዓት 120 ግሬን፣ ወደ 7.8 ግራም ማለት ነው፣ የሚነድ መሆን አለበት።

አሁን መርማሪውን ልብ በሉት። ጨለማ ክፍል ገብቷል። በአንድ ጫፍ ሻማው፣ በሌላው የጋዙ መብራት ይነዳል፤ በመካከል ቅባት ጠብ ያለበት ወረቀት ቆሟል። ዘዴው የጀርመናዊው የሮበርት ቡንሰን ነው። ሰውዬው ወረቀቱን ወዲህና ወዲያ ያንሸራትታል። ብርሃን ከአንድ ወገን ሲበረታ የቅባቱ ምልክት ፍጥጥ ብሎ ይታያል፤ ከሁለቱም እኩል ሲያርፍበት ሊጠፋ ምንም አይቀረው። ያኔ ቆም ብሎ ርቀቱን ይለካል። ጋዙ ከወረቀቱ የራቀው ከሻማው አራት እጥፍ ከሆነ፣ ብርሃኑ 16 ሻማ ነው፤ አራት ጊዜ አራት። ዓይን ብርሃንን መቁጠር አይችልም፤ እኩል መሆኑን ግን ይፈርዳል። እኔን የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ የዚያ ዘመን የብርሃን ልኬት ሁሉ በዚህች ችሎታ ላይ ቆሟል።

ችግሩ መስፈሪያው ራሱ አለመጽናቱ ነበር። ክሩ ይጎብጣል፣ ሰሙ ይለያያል። ፈረንሳዮች በሰዓት 42 ግራም የጎመንዘር ዘይት በሚያነደው በካርሴል ፋኖስ ይለኩ ነበር፤ አንዱ ካርሴል አሥር ሻማ ገደማ ይሆናል። ጀርመናዊው ፎን ሄፍነር አልተኔክ ደግሞ በ1884 ሙዝ ሙዝ የሚሸት አሚል አሲቴት የሚያነድ ኩራዝ አመጣ። ነበልባሉ ልክ 40 ሚሊሜትር መቆም አለበት፤ ከፍ ቢል ይበዛል፣ ዝቅ ቢል ያንሳል። አየሩ እርጥበት ሲይዝም ይደክማል።

ከነበልባል የሸሸው ፈረንሳዊው ዡል ቪዮል ነው። በ1881 የቀለጠ ፕላቲኒየም ሲረጋ የሚሰጠውን ብርሃን መለኪያ አድርጉት አለ። ሐሳቡ ደግ፣ ሥራው ግን ፈታኝ ነበር፤ ተሻሽሎ ዓለም ካንዴላ በተባለ የብርሃን መለኪያ የተስማማው በ1948 ነው። በ1979 ፕላቲኒየሙም ቀረና ካንዴላ 683 በሚል ቁጥር ከጨረር ኃይል ጋር ተሳሰረ። ቁጥሩን 700 ብለው ያላሞሉት፣ በፊት የተለካው ሁሉ ሳይፈርስ እንዲቀጥል ብለው ነው።