የደጋፊ ሕዋሳት የጥገና አቅምና የጊዜ ገደቡ፦ ከሥጋ ደዌ ሕክምና ልምድ ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ውጭ ያሉ ነርቮች ሲጎዱ ጥገናውን የሚመሩት ሽዋን የተባሉት ደጋፊ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህን ሕዋሳት በቤተ ሙከራ አባዝቶ መትከል ተስፋ የሚጣልበት ምርምር ነው። ይሁን እንጂ ለደብረ ታቦር ዙሪያ ገበሬ ቀዳሚው ጥያቄ የራሱ ሕዋሳት አቅማቸው ሳይከስም ሕክምና ማግኘቱ እንደሆነ ይህ መጣጥፍ ይከራከራል። ማስረጃውንም ኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሕክምና ካካበተችው ልምድ ይወስዳል።

1. ጥገናው እንዴት ይካሄዳል?

ነርቭ ሲቆረጥ ከቁስሉ በታች የሚቀረው የአክሶን (የነርቭ ሕዋስ ረጅም ክር) ክፍል ይፈራርሳል። አውግስጦስ ዎለር ይህን በእንቁራሪት ምላስ ነርቮች ላይ አይቶ በ1850 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። አክሶኑን የከበቡት ሽዋን ሕዋሳት ግን አብረው አይጠፉም፤ ሥራቸውን ይለውጣሉ። የአክሶን ሽፋን የሆነውን ማየሊን መሥራት ያቆማሉ፤ ሲ-ጁን የተባለው ፕሮቲን እየመራቸውም ወደ ጠጋኝነት ይዞራሉ። ፍርስራሹን ከማክሮፌጆች ጋር ያጸዳሉ፣ እድገት አነቃቂ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ፣ በተርታ ተሰልፈውም ለአዲሱ አክሶን መሄጃ ያበጁለታል።

አክሶን የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ክርን አካባቢ የተቆረጠ ነርቭ ወደ መዳፍ ጡንቻዎች ለመመለስ ወደ 1 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይፈልጋል። በዚህ መሀል አክሶን የሚጠብቁት ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየተዳከሙና ቁጥራቸው እየተመናመነ ይሄዳል። ጡንቻውም ከ12 እስከ 18 ወራት ያለ ነርቭ ከቆየ እንደገና የመታዘዝ ዕድሉ እጅግ ይጠባል። ከጉዳቱ እስከ ቀዶ ሕክምናው የሚባክነው ጊዜ ሁሉ የሚቀነሰው ከዚሁ ገደብ ላይ ነው።

2. የሥጋ ደዌ ማስረጃ

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ መኖሪያ ከሚያደርጋቸው ሕዋሳት ዋነኛው ሽዋን ነው። በመሆኑም በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአለርት የሥጋ ደዌ ማእከልና በ1970 እ.ኤ.አ. ከጎኑ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ሥራቸው ከነርቭ ጉዳት ተለይቶ አያውቅም። በ2013 እ.ኤ.አ. የኤድንብራ ተመራማሪዎች በአይጥ ሕዋሳት ላይ ባደረጉት ጥናት ባክቴሪያው ሽዋን ሕዋሳትን ወደ ግንደ ሕዋስ መሰል ሁኔታ መልሶ ለመሠራጫ እንደሚጠቀምባቸው አሳይተዋል። ነርቭን ለመጠገን የሚያስችለው ተለዋዋጭነት ለበሽታውም በር ይከፍታል ማለት ነው።

ስለ ጊዜ ግልጽ መልስ የሰጠው የአለርት የመስክ ጥናት ነው። በ594 አዲስ ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ይህ ክትትል በ2000 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በስቴሮይድ ከታከሙት መካከል ድንገተኛ ጉዳት ከደረሰባቸው ነርቮች 88 በመቶ ሙሉ በሙሉ ሲያገግሙ፣ ጉዳቱ ሥር ከሰደደባቸው ወይም ከተመላለሰባቸው ያገገሙት 51 በመቶ ብቻ ናቸው። በእብጠት የተጨነቀ ነርቭና በስለት የተቆረጠ ነርቭ አንድ አይደሉም፤ ሁለቱም ግን የሚድኑት በእነዚሁ ደጋፊ ሕዋሳት ነው።

3. ተከላው የደረሰበት

በነርቭ ጫፎች መካከል ክፍተት ሲኖር መደበኛው መፍትሔ ከሕመምተኛው ባት የስሜት ነርቭ ወስዶ መቀጠል ነው፤ በምትኩ የእግሩ ውጫዊ ጎን ይደነዝዛል። የማያሚ ሐኪሞች በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዘገባ 7.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት በነበረው የታፋ ነርቭ ላይ ከተቀጠለው ነርቭ ጋር የሕመምተኛዋን የራሷን ሽዋን ሕዋሳት አባዝተው ጨምረዋል። መሻሻል ታይቷል፤ ሆኖም ቅጥያውና ሕዋሳቱ አብረው ስለተተከሉ የማንኛቸው ውጤት እንደሆነ ከአንድ ሰው መለየት አይቻልም። ሕዋሳቱን ማባዛት ራሱ ሳምንታት ይወስዳል፤ ከብክለት የጸዳ ቤተ ሙከራና የሠለጠነ ባለሙያም ይጠይቃል። ከስብና ከመቅኔ የሚገኙ ግንደ ሕዋሳት እንደ አማራጭ በእንስሳት ላይ በስፋት እየተሞከሩ ነው።

4. በጉና ተራራ ግርጌ

በፋርጣና በአካባቢው ደጋ ገብስና ስንዴ የሚታጨደው በማጭድ ነው፤ ማጭድ ደግሞ የእጅ አንጓንና ጣትን ይቆርጣል። አደጋው ያለው ደሙ ቆሞ ቆዳው ተሰፍቶ ነርቩ ሳይመረመር ሲቀር ነው። ስብራት ሲደርስ ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው እጅም ነርቩ ሊታፈን፣ ከዚያም አልፎ ደም አጥቶ ሊበሰብስ ይችላል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የጤና ባለሙያው ቁስለኛውን አውራ ጣቱን ከመዳፉ ወደ ላይ እንዲያነሣ፣ ጣቶቹን እንዲዘረጋጋ፣ አንጓውን ወደ ኋላ እንዲቀለብስ ይጠይቀዋል፤ ዓይኑን አስጨፍኖም የጣቶቹን ጫፍ በእስክሪፕቶ ይነካካል። በሥጋ ደዌ ክትትል ውስጥ ሲሠራበት የኖረው ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው። ቀሪው በሰዓቱ ወደ ሪፈራል መላክ ነው። በስለት ንጹሕ የተቆረጠ ነርቭ በ3 ቀናት ገደማ ውስጥ ቢሰፋ ይመረጣል፤ ተቀጥቅጦ የተበጠሰ እስከ 3 ሳምንታት ይቆያል፤ ቆዳው ሳይከፈት የተጎዳ ደግሞ እስከ 3 ወራት በክትትል ይታያል።

መደምደሚያ

የሕዋስ ተከላ ወደ አገራችን ሲመጣ እንኳ ሕመምተኛው ሽባው እጁን ይዞ ከ2 ዓመት በኋላ የሚደርስ ከሆነ የሚያድነው ጡንቻ አያገኝም። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና በአካባቢው ጤና ጣቢያዎች የጋራ መዝገብ መክፈት ነው፦ ጉዳቱ የደረሰበት ቀን፣ ነርቩ የተመረመረበት ቀን፣ የተሰፋበት ቀን፣ ከ1 ዓመት በኋላ የተገኘው ጉልበትና ስሜት። እነዚህ አራት ዓምዶች መዘግየቱ በየትኛው እርከን እንደሚብስ ያሳያሉ፤ ወደፊት የሚታሰብ የሕዋስ ተከላ ሙከራም ያለ እነሱ ማነጻጸሪያ አይኖረውም።