ዐፅም የሌለው መቃብር

ሰው ለሙታኑ ሐውልት የሚያቆመው ዐፅማቸው ባረፈበት ሥፍራ ነው። በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብረታኝ ጠረፍ በምትገኘው በፕሉባዝላኔክ መካነ መቃብር ያለው ግንብ ግን ከሥሩ ማንም አልተቀበረም። ስማቸው የተጻፈበት ዓሣ አጥማጆች ሥጋቸው በአይስላንድ ባሕር ቀርቷል። ሕዝቡም «በባሕር የጠፉት ሰዎች ግንብ» ይለዋል።

የግንቡ ታሪክ የአንድ ሥራ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 ከአጎራባቹ የፔምፖል ወደብ የመጀመሪያው ባለሸራ መርከብ ኮድ የተባለውን ዓሣ ፍለጋ ወደ አይስላንድ አቀና። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ወንዶች በየዓመቱ በየካቲት እየተነሡ ወራት በባሕር ላይ ያሳልፉ ጀመር። ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች በመርከቡ ጠርዝ ተሰልፈው፣ በብርድና በጭጋግ ውስጥ፣ ረጅሙን የመንጠቆ ገመድ በእጃቸው ይጎትታሉ። እያንዳንዱ የያዘውን ዓሣ ምላስ ቆርጦ ያስቀምጣል፤ ሲመሽም ምላሱ ይቆጠራል። ድካሙ የሚታሰብለት በዚህ ቁጥር ነበር። ከመነሣቱ በፊት ከባለመርከቡ የተቀበለው ቅድሚያ ገንዘብ የቤተሰቡ ቀለብ ስለሆነ፣ ባሕሩን ሳያይ ባለዕዳ ሆኖ ይወጣል።

መርከብ ከነሰዎቹ ሲሰጥም መርዶ ነጋሪ አይተርፍም። መርዶውን የሚናገረው የሌሎቹ መርከቦች መመለስ ነው፤ ሁሉም ገብተው አንዱ ሲቀር፣ ያ ዝምታ ለቤተሰብ መልእክት ይሆናል። «የመበለቶች መስቀል» እየተባለ የሚጠራው የድንጋይ መስቀል ከባሕሩ ትይዩ ከፍታ ላይ ቆሞ ይህን ጥበቃ ያስታውሳል። አስከሬን ስለሌለ ተስፋ የሚቆረጥበት ቀን አይታወቅም። ቤተሰቦች በመካነ መቃብሩ የስም ሰሌዳ ሲሰቅሉ ያን ቀን ራሳቸው ወሰኑ ማለት ነው። ስሙን መጻፍ ቀብሩ ሆነ።

የእነዚህን ሰዎች ሕይወት ለዓለም ያስተዋወቀው ደራሲው ፒየር ሎቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው «የአይስላንድ ዓሣ አጥማጅ» በተሰኘው ልብ ወለድ መጨረሻ ባሕር ዋናውን ገጸ ባሕርይ እንደ ሙሽራ ትወስደዋለች። ምስሉ ውብ ነው፤ ሞቱን ግን የዕጣ ፈንታ ሥራ ያደርገዋል። ግንቡ እንዲህ አይልም። የሚናገረው የመርከቡን ስም፣ ዓመቱንና የጠፉትን ሰዎች ቁጥር ነው። መርከቡን ያሠራ ባለሀብት፣ ዓሣውን የሚጠብቅ ገበያ፣ ሰዎቹን ወደ ክረምት ባሕር የገፋ ችግር እንደ ነበረ አንባቢ ከዚህ ደረቅ መዝገብ ይረዳል። ልብ ወለዱ ስለ አንድ ሰው ያስለቅሳል፤ ግንቡ የሁሉንም ሒሳብ ይይዛል።

የመጨረሻዎቹ መርከቦች ወደ አይስላንድ የሄዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በ83 ዓመታት ውስጥ ከፔምፖል አካባቢ ከ100 የሚበልጡ መርከቦችና 2,000 ያህል ሰዎች ጠፍተዋል። ጥንታዊዎቹ የእንጨት ሰሌዳዎች በዘመን ብዛት ሲያረጁ ሌሎች ተተክተዋል። ዐፅም ያለበት መቃብር ጽሑፉ ቢጠፋም መቃብርነቱን አያጣም፤ በፕሉባዝላኔክ ግን ስሙ ከደበዘዘ የሚቀር ነገር የለም። ስለዚህ ትውልድ እየተቀባበለ ስሞቹን ያድሳቸዋል።